ወጣት ቴሪየርን ለመጀመሪያ ጊዜ አይጥ አደን ስታወጡ

ቴሪየር፣ ማለትም አይጥና ቀበሮ ለማደን የተዳቀለ ትንሽ ውሻ፣ ቡችላውን የያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «መቼ ላውጣው?» መልሴ አጭር ነው። ካሰባችሁት ዘግየት አድርጉት። ቡችላው መጥረጊያ ነክሶ ሲያራግፍ፣ ካልሲ ይዞ ሶፋ ሥር ሲገባ አይታችሁ «ይሄማ ደርሷል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ወኔውን ቡችላው ከእናቱ ይዞት መጥቷል። እናንተ የምትጨምሩለት የለም። የእናንተ ሥራ ሌላ ነው፤ ስትጠሩት እንዲመጣ፣ ተው ስትሉት እንዲተው፣ በግና ዶሮ እንዳይነካ ማስተማር፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው አደን ሳይጎዳ የሚያሸንፍበት እንዲሆን ማመቻቸት። ሌላው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ብዙ ነው።

እዚህ የማወራው እንግሊዝ አገር ስላለው ሥራ ነው፤ እርሻ ግቢ፣ ዶሮ ቤትና እህል መጋዘን ውስጥ አይጠ መጎጥ ስለማደን። በኛ አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ አይጥ የድመት ጉዳይ ነው። እዚህ ግን አይጥ ሲበዛበት መርዙን ትቶ ቴሪየር ያላቸውን ሰዎች የሚጠራ ገበሬ አለ፤ እነሱም ገንዘብ ሳይቀበሉ በደስታ ይመጣሉ። ለሰውየው እህሉ ይተርፋል፣ ለውሻው በዓል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የያዛችሁት ምን ዓይነት ቴሪየር ነው?

ሁሉም ቴሪየር አንድ አይደለም። ጃክ ራስል የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ከነበሩ አንድ ቄስ ነው። ጆን ራስል ይባላሉ (1795–1883)፤ አደን ወዳድ መሆናቸው ከስብከታቸው በላይ ነው ስማቸውን ያስጠራው። ኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉ በ1819 ከአንድ ወተት ሻጭ ትራምፕ የምትባል ሴት ውሻ ገዙ፣ የዘሩም ታሪክ ከሷ ይጀምራል። (ስሟ ላይ አስተያየት የለኝም።) ቄሱ የፈለጉት ቀበሮን ጉድጓድ ውስጥ የሚገድል ሳይሆን ጮሆ ጮሆ የሚያስወጣ ውሻ ነበር። ጃክ ራስላችሁ ጎረቤት እስኪማረር የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጩኸት ነው የተመረጠው።

ቦርደር ቴሪየር የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ውሻ ነው። በይፋ በዘርነት የተመዘገበው በ1920 ነው። ረጋ ያለ፣ አሳቢ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይነሳል። ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ተራራዎች የመጡት ሌክላንድና ፓተርዴል ደግሞ ግትሮች ናቸው፣ በተለይ ፓተርዴል አንዴ ከጀመረ ማስቆሙ ጣጣ ነው። ይህን የምነግራችሁ የጓደኛችሁ ጃክ ራስል በዘጠኝ ወሩ ሲሠራ አይታችሁ የእናንተን ቦርደር «ፈሪ ነው» እንዳትሉት ነው። አንዳንዱ ቦርደር ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት እንኳ አይጥ አጠገቡ ስታልፍ ዝም ብሎ ያያታል። ከዚያ አንድ ቀን የሆነ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይበራል፣ አለቀ።

ዕድሜ

የወተት ጥርስ ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ይወልቃል። ቋሚው ጥርስ ስድስት ሰባት ወር ላይ ይሞላል። ከዚያ በፊት አይጥ ፊት ማቆም ማለት ጥርሱ የሚነቃነቅ ሕፃን ጥሬ ሥጋ ጎትት እንደማለት ነው። አይጥ ደግሞ ዝም ብላ አትሞትም። ትልቅ ወንድ አይጥ ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ ንክሻውም ከንፈርና አፍንጫ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ዓይን አጠገብ። በአምስት ወሩ አንዴ ክፉኛ የተነከሰ ቡችላ ወይ ይፈራል፣ ወይ ደግሞ ቂም ይይዝና ያገኘውን ሁሉ እያኘከ አንዷን አይጥ ለአምስት ደቂቃ የማይለቅ ውሻ ይወጣዋል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው። እስከ ሰባት ወር ቤትና ሜዳ። ስምንት ዘጠኝ ወር ላይ በገመድ ታስሮ ሌሎች ሲሠሩ ማየት። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር፣ ውሻው ፍላጎት ካሳየ፣ መጀመር። ካላሳየ መጠበቅ። ማንም አያሳድዳችሁም።

ከአደኑ በፊት ያለው ትምህርት

ሰው የሚሰለቸው ይሄ ክፍል ነው፤ ዋናው ግን ይሄ ነው።

መጠራትን አስቡ። ቡችላውን «ና» የምትሉት ልታስሩት ስትፈልጉ ብቻ ከሆነ፣ «ና» ማለት ጨዋታው አለቀ ማለት ይሆንበታል፣ ይሄን ደግሞ በሁለት ቀን ይገባዋል። ጥሩት፣ ሲመጣ ዶሮ ሥጋ ቢጤ አጉርሱት፣ መልሳችሁ ልቀቁት። አሥሩን ጊዜ ለቅቃችሁት አንዴ እሰሩት። ፊሽካ ብታስለምዱት ጥሩ ነው፤ እርሻ ውስጥ ትራክተር እየጮኸ፣ ሌሎች ውሾች እየጮኹ፣ የእናንተ ድምፅ አይሰማም። ደግሞ ስትናደዱ ድምፃችሁ ይቀየራል፣ የፊሽካው ድምፅ ግን አይቀየርም። ረጅም ገመድ፣ አሥር ሜትር የሚሆን፣ አስራችሁለት ሜዳ ላይ ተለማመዱ። ገመዱን ለመጎተት ሳይሆን እምቢ ሲል ሮጦ እንዳይጠፋ ነው የምትፈልጉት።

«ተው» የሚለው ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ በምግብ፣ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ። ቀጥሎ በሚወደው መጫወቻ። ከዚያ የጥንቸል ቆዳ በገመድ አስራችሁ መሬት ለመሬት እየጎተታችሁ፣ እንዲያባርር፣ እንዲይዝ፣ ከዚያ እንዲለቅ። ጨዋታው አጭር ይሁን። ገና እየፈለገ ሳለ አቁሙት። ግን ቆዳውን አፉ ውስጥ ይዞ ሳለ በኃይል መጎተት የለም፤ ጥርሱን ይጎዳል፣ አንድ ነገር ሲይዝ ሙጭጭ ማለትንም ታስተምሩታላችሁ። የምትፈልጉት ነክሶ፣ አራግፎ፣ ጥሎ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ውሻ ነው።

ከዚያ በግና ዶሮ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በግ ያባረረ ውሻ ባለቤት በ1953 በወጣ ሕግ ይጠየቃል። ውሻው በጎቹን እያስጨነቀ ከሆነና ሌላ መላ ከሌለ ደግሞ ገበሬው ተኩሶ ቢገድለው ሕጉ የሚከላከልለት ሁኔታ አለ። ሕጉን ተዉትና፣ በግ ያባረረ ውሻ ይዛችሁ የመጣችሁበት እርሻ ዳግመኛ አይጠራችሁም፣ ወሬውም ለጎረቤት ገበሬ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። ከሦስት ወሩ ጀምሮ በገመድ ይዛችሁት በበግ አጥር አጠገብ በየጊዜው ተመላለሱ። በጉን ትቶ እናንተን ሲያይ አጉርሱት። በጉ ላይ ዓይኑን ከተከለ ዞር አድርጋችሁ ሂዱ። ዶሮ ቤት አጠገብም ቁጭ በሉ፣ ዶሮዎቹ ሲራገፉ፣ ሲንጫጩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አይጥ ብዙ ጊዜ ያለችው ዶሮ ቤት ወለል ሥር ስለሆነ፣ ዶሮ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ቴሪየር ግማሽ ሥራውን አጥቷል። ጥንቸልን በፌረት (ጉድጓድ ገብቶ ጥንቸል በሚያስወጣ ቀጭን ለማዳ እንስሳ) ለማደን ካሰባችሁ ፌረቱንም ገና በቡችላነቱ ያሽትተው፣ ይልመደው። ከጉድጓድ የወጣ ፌረት አንገቱ ተሰብሮ ማየት አትፈልጉም።

ቡችላው ድምፅም ይልመድ። ቆርቆሮ ሲወድቅ፣ ሞተር ሲነሳ፣ እንጨት ሲገለበጥ። የጭድ ክምር ላይ መውጣት፣ በእንጨት ርብራብ መሐል መሹለክ፣ ጭቃ ውስጥ መቆም ጨዋታ ይሁንለት።

ሕጉ ምን ይላል?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የዱር እንስሳን በውሻ ማደን በ2004 በወጣው ሕግ ተከልክሏል፤ ሥራ ላይ የዋለው የካቲት 18 ቀን 2005 ነው። አይጥና ጥንቸል ግን ከክልከላው ወጥተዋል። መሬቱ የራሳችሁ ከሆነ ወይም ባለመሬቱ ከፈቀደላችሁ ይቻላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙት፣ የስልክ መልእክትም ቢሆን። ስኮትላንድ የ2023 የራሷ ሕግ አላት፣ ጥንቸል ላይም ከእንግሊዝ ጠበቅ ይላል፤ እዚያ ያላችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ቀበሮን ተከትሎ ውሻ ጉድጓድ ማስገባት ጠባብ የሆነ ልዩ ፈቃድ ብቻ ነው ያለው፦ ለአደን የሚጠበቁ ወፎችን ከጉዳት ለመከላከል፣ አንድ ውሻ ብቻ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ተይዞ፣ ሌላም ሌላም። ለጀማሪ ውሻና ለጀማሪ ሰው የሚሆን ጉዳይ አይደለም። ባጀር የሚባለው ነጭና ጥቁር ፊት ያለው እንስሳ ደግሞ በ1992 ሕግ የተጠበቀ ነው። እሱ ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱም። አካባቢው ላይ ሰፊ፣ ትኩስ አፈር ፊቱ የተቆለለበት ጉድጓድ ካያችሁ ውሻችሁን አስራችሁ ዞር በሉ።

ሌላው፣ አይጥ በወጥመድ በሕይወት ይዞ ለቡችላው «ለልምምድ» መልቀቅ። የድሮ የለንደን መጠጥ ቤቶች ውሻና አይጥ በአንድ ጉድጓድ እየከተቱ ይወራረዱ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። የያዛችሁት እንስሳ በእጃችሁ ነውና የ2006 የእንስሳት ደህንነት ሕግ ይመለከታችኋል። ሕጉ ባይኖርም ውሻውን አያስተምረውም፤ መሸሻ የሌላት አይጥ ፊት ላይ ነው የምትዘለው።

ክትባትና መርዝ

ይህን ሳትጨርሱ ከቤት አትውጡ። አይጥ በሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች፤ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ ውሻ ይገድላል። ክትባት አለው። መጀመሪያ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሁለት ዓይነት የሚከላከልና አራት ዓይነት የሚከላከል ክትባት ስላለ ለእንስሳት ሐኪሙ «ይሄ ውሻ አይጥ ያድናል» በሉትና እሱ ይምረጥ።

እናንተም ክትባት የላችሁምና ጓንት አድርጉ፣ ቁስል ካላችሁ ሸፍኑ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ሳንድዊች እንዳትነኩ። ከሰሞኑ አደን በኋላ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የባት ሕመም ከመጣ ሐኪም ቤት ሂዱና አይጥ ነክቼ ነበር ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ይመልሳችኋል።

መርዙ ደግሞ ይብሳል። ለገበሬው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «መርዝ አስቀምጠሃል?» መሆን አለበት። ካስቀመጠ፣ ወይም ጎረቤቱ ካስቀመጠ፣ አትሂዱ። ብሮዲፋኩም፣ ብሮማዲዮሎንና የመሳሰሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ መርዙን በልታ ወዲያው አትሞትም፣ ለቀናት ትንቀሳቀሳለች፣ ፈዛዛ ስለምትሆን ደግሞ ለጀማሪ ውሻ ቀላሏ እሷ ናት። ውሻው ላይ ምልክቱ የሚታየው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው፦ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ደም። መርዝ በልቷል ወይም የተመረዘች አይጥ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ። ያኔውኑ ለሐኪሙ ደውሉ። ቫይታሚን ኬ1 የሚባል መድኃኒት አለው፣ በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ውሻው የገደላትን አይጥ እንዳይበላ ማድረግም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው። መከሩ ተነስቶ፣ ሜዳው በርዶ፣ አይጦቹ ወደ ጎተራና ወደ ጭድ ክምር ይገባሉ። በእንግሊዝ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሳማውና ቁጥቋጦው ውስጥ ተበትነው ስላሉ ወጣት ውሻ ማባረር እንጂ መያዝ አይማርም።

ትንሽ ቦታ ምረጡ። አንድ የዶሮ ቤት፣ አንድ የቆየ የእንጨት ክምር። አይጥ ለሃያ ቀን ምናምን አርግዛ በአንድ ጊዜ እስከ አሥር ትወልዳለች፣ ስለዚህ ትልቅ መጋዘን ሲገለበጥ በአንድ ጊዜ ብዙ አይጥ በየአቅጣጫው ይፈሳል። ለአዋቂ ውሻ ገነት ነው፤ ለወጣት ውሻ ግን ግራ መጋባት። አንዷን ሊይዝ ሲል ሌላዋን ያያል፣ ወዲያ ይዞራል፣ ሁለቱንም ያጣል፣ መጨረሻ ላይ መሐል ቆሞ መጮህ ይጀምራል። ይህ ልማድ ከያዘው ለማስለቀቅ ወር ይፈጃል።

አብሮት የሚወጣው አንድ ትልቅ ውሻ ብቻ ይሁን። ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ከሌላ ውሻ ጋር የማይጣላ። ሁለት ወንድማማች ቡችሎች አንድ ላይ ማውጣት ይቅር፤ አንዱ ሌላውን ያሳብዳል፣ አይጧን ሁለቱ ከሁለት ወገን ይዘው ይጎትታሉ፣ ከዚያ ጠብ ነው። አብሯችሁ የሚመጣው ሰው አምስት ስድስት ውሻ ይዞ ሊመጣ ካለ «ዛሬ አይሆንም» በሉት። ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ከመኪና እንደወረዳችሁ ውሻውን አትልቀቁት። በገመድ ይዛችሁ ቁሙ። ትልቁ ውሻ ሲያነፈንፍ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ፣ መዳፉን ሲያነሳ፣ የእናንተው ይይ። እያየ ቢንቀጠቀጥ ጥሩ ምልክት ነው። ቢያዛጋና ወደ መኪናው ቢያይም ችግር የለውም፤ ዛሬ ሽታውን ይዞ ይመለስ። ጭስ የሚነፋ ማሽን አምጥተው ከጉድጓድ የሚያስወጡ ሰዎች አሉ፤ ጩኸቱ ከባድ ነውና ለመጀመሪያው ቀን ይቅርባችሁ።

ትልቁ ውሻ ጥቂት ከሠራና ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ እሱን እሰሩት፣ ወጣቱን ልቀቁት። የአንገት ማሰሪያውን አውልቁለት፣ እንጨት መሐል ሊይዘው ይችላል። አንድ ሰው እንጨቱን ቀስ አድርጎ ያንሳ። የምትመኙት ግማሽ ያደገች አይጥ ስትወጣ ነው። አትመርጡም፣ ግን ትልልቆቹን አስቀድሞ ትልቁ ውሻ ከጨረሳቸው ዕድላችሁ ይሰፋል።

አሁን የምትሠሩት ነገር፦ ምንም። ዝም በሉ። ጃስ አትበሉት። ሰው ሲጮህ ወጣት ውሻ አይጧን ትቶ ሰውየውን ያያል፣ ምን አጠፋሁ ብሎ። አይጥ በእግር እየገፉ ወደ እሱ መስደድም የለም። ሮጣ ስታልፍ ደመነፍሱ ይነሳል። ባይነሳም አይነሳ፣ ሌላ አይጥ ትመጣለች።

ያዘ እንበል። ትከሻዋ አካባቢ ነክሶ ሁለት ጊዜ ካራገፈ ሞታለች፤ ከሴኮንድ ብዙም አያልፍም። ብዙ ጀማሪ ግን ጅራቷን ወይም ጀርባዋን ይይዛል፣ ዞራ ትነክሰዋለች፣ ይጮሃል፣ ይለቃል። እዚህ ጋ ነው ባለቤቱ የሚፈተነው። ሮጣችሁ «እሰይ የኔ ጌታ፣ ምን አደረገችህ» እያላችሁ አታቅፉት። አትቆጡትም። ቁስሉን ከሩቅ እዩት፣ ከባድ ካልሆነ ተዉት። ብዙው ውሻ አፍንጫውን ይልሳል፣ ትንሽ ያስባል፣ ይመለሳል፣ በሁለተኛው ጊዜ አያያዙን ያሻሽላል። ወደ ኋላ ካለ ደግሞ ዛሬ ይብቃው። ቆስላ ያመለጠችውን ትልቁ ውሻ ወይም እናንተ በፍጥነት ጨርሱ፤ ማሰቃየት የአደኑ ክፍል አይደለም።

ከገደለ በኋላ ሬሳውን ከአፉ አትንጠቁት። ይዞት ይዙር፣ ይኩራ። ከዚያ ጥሩት፣ ሲመጣ ወይ ያስረክባችሁ፣ ወይ መንገድ ላይ ይጣለው። «ተው» ያኔ ይሠራል። አይጧን አንሡና ባልዲ ውስጥ ጨምሩ።

አንድ ሁለት ከያዘ እሰሩትና ውኃ ስጡት። ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ገና እየፈለገ ሳለ ወደ መኪናው የተመለሰ ውሻ ቀጣዩን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ያልማል። ደክሞት እስኪተኛ የሠራ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘችው ትልቅ አይጥ ትነክሰዋለች፣ የሚያስታውሰውም እሷን ነው።

ሰዎቹን ተጠንቀቁ

እውነቱን ለመናገር ቴሪየር ላይ ከአይጥ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሰው ነው። አይጥ ስትወጣ የሁሉም ሰው ልብ ይመታል፣ ዱላ ይነሳል፣ አካፋ ይነሳል፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ የውሻው ጭንቅላት አለ። ሕጉ ቀላል ይሁን፦ ውሻ ካለበት ማንም ዱላ አይወነጭፍም። መንሽ የያዘ ሰው ጭዱን ያነሳል እንጂ አይጥ አይወጋም። አብረው የመጡ ልጆች ካሉ ከአጥር ውጭ ይቁሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግቢውን አንዴ ዙሩ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሾለ ሽቦ፣ ክፍት የፍግ ጉድጓድ። ፍጉ ላዩ ደርቆ መሬት ይመስላል፣ ውሻ ይዘልበትና ይሰምጣል፤ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ለማውጣት የገባውን ሰው ይገድላል። ከባድ የጭድ ክምር ከሥር አትሳቡ፣ ከላይ ጀምሩ።

ጉድጓድ ማመልከት

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውሻው ጉድጓድ እየመረጠ መቆም ይጀምራል። አንዱን አሽቶ ያልፋል፣ ሌላው ላይ ይተከላል፣ ጭራው ይቆማል፣ ይጭራል። ይሄ ከመግደል የሚበልጥ ችሎታ ነው። ባመለከተ ቁጥር እመኑት። ቆፍሩ፣ እንጨቱን አንሡ፣ አይጧ መኖሯን ይይ። ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሦስቱንም ጊዜ «ና ወዲህ» ብላችሁ ከጎተታችሁት አራተኛውን አይነግራችሁም። በሌላ በኩል ባዶ ጉድጓድ ላይ ቆሞ የሚያሞኛችሁም አለ። ከዚያኛው ጋር አትጣሉ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ፣ ብቻውን ይሰለቸዋል።

የአይጥ ጉድጓድ ጠባብ ስለሆነ ውሻ አይገባበትም። የውኃ መውረጃ ቱቦ፣ የወለል ሥር ክፍተትና የጥንቸል ጉድጓድ ግን ይገባል። ቱቦዎቹን በድንጋይ ድፈኑ። ገብቶ ከቀረ ደጋግማችሁ አትጥሩት፤ ዝም ብላችሁ ጆሮ ስጡ፣ ከየት እንደሚጮህ ለዩ። አብዛኛው ፀጥ ሲል ራሱ ይወጣል። ካልወጣ ለእሳት አደጋ ወይም ለእንስሳት ረድኤት ድርጅት መደወል አያሳፍርም።

ቤት ስትገቡ

አፍና አፍንጫውን፣ ከንፈሩን ገልብጣችሁ ድዱን፣ ዓይኑን፣ በጣቶቹ መሐል ያለውን እዩ። የአይጥ ጥርስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ቶሎ ይገጥማል፣ ከውስጥ መግል ይቋጥራል። ሞቅ ባለ የጨው ውኃ እጠቡት፣ በማግስቱም እንደገና። ካበጠ ወይም ከሞቀ ወደ ሐኪም። ዓይኑን በንጹሕ የጨው ውኃ እጠቡ፣ የጭድ ብናኝ ብዙ ጣጣ ያመጣል። ከአደን በፊት ከባድ ምግብ አትስጡት፣ ከአደን በኋላ ደረቅ ፎጣ፣ ምግብና እንቅልፍ። ሳምንቱን አሳርፉት።

እርሻ የሌላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አፓርታማ ውስጥ ጃክ ራስል ይዛችሁ ሶፋ የሚያስበላችሁ፣ ሌላ አማራጭ አላችሁ። «ባርን ሀንት» የሚባል ጨዋታ አለ፤ አይጧ አየር በሚያስገባ ቱቦ ውስጥ ደህና ተቀምጣ ጭድ መሐል ትደበቃለች፣ ውሻው ያገኛታል፣ ማንም አይሞትም። ለጀማሪ ፈተናው ሦስት ቱቦ ነው፦ አንዱ ባዶ፣ አንዱ የአይጥ ጎጆ ጭድ ያለበት፣ አንዱ ውስጥ አይጥ። የትኛው እንደሆነ እንዲነግራችሁ አንድ ደቂቃ አለው። «ኧርዝዶግ» የሚባለው ደግሞ ሰው የሠራው የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ነው፣ ወርዱም ቁመቱም ዘጠኝ ኢንች። ለጀማሪ ርዝመቱ አሥር ጫማ፣ አንድ መታጠፊያ፤ መጨረሻው ላይ አይጥ በፍርግርግ ተከልላ አለች። የአሜሪካ የሥራ ቴሪየሮች ማኅበር ይህን ከ1971 ጀምሮ ያካሂዳል፣ የውሻ ዘር መዝጋቢው የአሜሪካ ኬኔል ክለብም በ1994 የራሱን ጀመረ። «ይሄ እውነተኛ አደን አይደለም» የሚሉ አሉ። አይደለም። ውሻው ግን ልዩነቱን አያውቅም፣ ሶፋችሁም ይተርፋል።

የመጀመሪያው ወቅት ሲያልቅ

መጋቢት ላይ አይጦቹ ወደ ሜዳ መውጣት ሲጀምሩ ወጣቱን አሳርፉት። በዚያ የመጀመሪያ ወቅት ብዙ ስለመግደሉ አትጨነቁ። ስትጠሩት ከመጣ፣ ዶሮ ሳይነካ ዶሮ ቤት ከሠራ፣ ከሌላ ውሻ ጋር አንድ አይጥ ላይ ካልተጣላ፣ ጥሩ ዓመት ነበር። በበጋው ያንኑ የመጠራትና የመተው ልምምድ መልሳችሁ አድርጉ፤ ይዝገዋልና። ጥቅምት ሳይገባ የሌፕቶውን ዓመታዊ ክትባት አስወጉ፣ ሐኪሙ ጥርሱንም ይይለት፣ ለገበሬውም ደውላችሁ ስለ መርዙ እንደገና ጠይቁት። ባለፈው ዓመት «የለም» ያለው ዘንድሮ አስቀምጦ ሊሆን ይችላል።